ሰማንያ አንደኛው ዕቃ

ሰው ቤት ስገባ ጫማዬን አላወልቅም። ደንብ ነው። ጫማውን ያወለቀ አቅላይ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ይበላል፣ አፍ ሲበላ ደግሞ ዓይን ያፍራልና የሰው ዕቃ መጣል ያቅተዋል ይላል መመሪያችን። መመሪያውን የጻፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወሎን ያውቃል።

ስሜ ምንተስኖት ነው። በ2085 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመርኩ ወዲህ ደሴ ላይ አራት መቶ አሥራ ሰባት ቤት ከትርፍ ዕቃው አቅልያለሁ። ሰዎች አሮጌ ቤታቸውን ለአፍራሹ አስረክበው ጦሳ ተራራ ሥር ወደተደረደሩት ማማዎች ከመግባታቸው በፊት እኔ እሄዳለሁ። መነጽሬን አደርጋለሁ፤ እያንዳንዱን ዕቃ በእጄ እየነካሁ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው መቼ ነው? ያለሱ መኖር ትችላለህ? ጆሮዬ ውስጥ ያለው ቆጣሪ መልሱን ሰምቶ ይፈርዳል።

ማማ ውስጥ ለአንድ ሰው መቶ ዕቃ ይፈቀዳል። ማንኪያም አንድ ነው፣ አልጋም አንድ ነው። የተረፈው ፈጪ ለምንለው፣ በር ላይ ቆሞ ዕቃ ለሚያደቅቅ ማሽን ይሰጣል። ጎደለኝ የሚል ሰው ግድግዳውን ይጠይቃል፤ ግድግዳው ድስት ያወጣል፣ ሲጨርሱ መልሶ ይውጠዋል። ሰዎች መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ኋላ ያመሰግናሉ። አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ካፖርት ፈጪው ከበላው በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ቀለለኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀለሙ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። መዝገብ ከፍቼ ቡናማ ነው አልኳት፤ አመስግናኝ ሄደች።

እኛ አቅላዮች አርአያ እንድንሆን የሚፈቀድልን ሰማንያ ብቻ ነው። መነጽሩ ራሱ ከነቆጣሪው በእኛው ስም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። እኔ ልክ ሰማንያ ነበረኝ። እንግዳ ሲመጣ፣ መጥቶ ባያውቅም፣ ይህን እነግረዋለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ሾላ በር ከሚባለው ሰፈር ሳይፈርስ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የወይዘሮ ዘነቡ ይማም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ሰኞ ጠዋት ቤታቸው ይፈርሳል። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ደረስኩ። ፈጪውም ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ ወንድምዬ። ጫማህን እዚያ ጋ አድርገው።»

«አላወልቅም እትዬ። ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የቢሮው።»

«ቢሮው ምንጣፍ አጥቦ ያውቃል?» አሉና ከፊቴ ቀድመው ገቡ።

ዋናውን ክፍል በአርባ ደቂቃ ጨረስኩ። ስልሳ አንድ ዕቃ። ከመቶው ላይ ሠላሳ ዘጠኝ የሚጎድለው ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። በሥራ ዘመኔ ምንም ሳልጥል የምወጣበት የመጀመሪያው ቤት ሊሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ጓዳስ አለዎት?»

«አለ» አሉና ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈቱ።

ጓዳው ከመሬት እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች እርስ በርስ ተጋድመው ተደርድረዋል። ሳህንና ብርጭቆ በሣጥን በሣጥን አለ። በሬ የሚያበስሉ ስድስት ትልልቅ ድስቶች፣ የተጠቀለለ የሸራ ድንኳን፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጡሩምባ። ከላይ፣ ወጋግራው ላይ፣ እጀታው በሰው መዳፍ ብዛት የለሰለሰ የእንጨት ቃሬዛ ተጋድሟል።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የቅሬው።»

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ የሰፈር ማኅበር። የሾላ በር ሰዎች ማማ ከገቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅሬውም አብሮ የፈረሰ መስሎኝ ነበር። ለካ ዕቃው እዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«ቅሬ የሚባል ሰው መዝገብ ላይ የለም» አለ ቆጣሪው በጆሮዬ።

«እትዬ፣ የአንድ ሰው ስም ነው የምፈልገው። የማን ነው?»

«የሚሞተው ሰው ነዋ።»

«የትኛው ሰው?»

«እኔ ምን አውቄ። አንተም ልትሆን ትችላለህ።»

ቆጣሪው ፈረደ፦ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ዕቃ፣ ባለቤት የሌለው፣ ወደ ፈጪ። ወይዘሮ ዘነቡ የኔ ነው ካሉ ግን ከመቶ ስለሚያልፉ የማማው ክፍል ይሰረዝባቸዋል። ክፍሉ የተሰረዘበት ሰው ኮምቦልቻ ወዳለው ማቆያ ይወሰዳል፤ አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ይህን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳኋቸው። ለድምፁም ሥልጠና ወስደናል። ማማው የሐዘን ክፍል እንዳለው፣ ስምንት ወንበርና አርባ ደቂቃ እንደሚሰጥ፣ ለቅሶ ላይ የሚበላውን ግድግዳው እንደሚያቀርብ ነገርኳቸው።

«ለቀባሪ አረዱት አሉ» አሉኝ። «ልጄ፣ ይህን ጓዳ ሠላሳ ዓመት ጠብቄያለሁ። ስንቱን ከዚህ እንደሸኘሁ መነጽርህ ያውቃል? ኮምቦልቻ ሙቀት ነው ይላሉ። የደሴም ብርድ አንገፍግፎኛል። ጻፍ፤ የኔ ነው ብለህ ጻፍ።»

«ያስቡበት እትዬ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለ።»

«አስቤ ነው።»

እሳቸው ሲናገሩ እጄ ሥራውን አላቆመም ነበር። እጄ ፈጣን ነው፤ ቢሮ ውስጥ የምታወቀው በዚህ ነው። ዕቃ ከመቆጠሩ በፊት የተንጠለጠለበት ነገር ሁሉ ይነሳል። ከስድስቱ ድስቶች ጆሮ ላይ የታሰሩትን ጨርቆች ፈትቼ መሬት ጣልኩና ድስቶቹን በአንድ መስመር አሰለፍኳቸው።

«ድግግሞሽ» አለ ቆጣሪው። «ስድስት ተመሳሳይ ድስት።»

ዞር ብዬ ሳይ እትዬ ዘነቡ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ሦስት አረንጓዴና ሦስት ቀይ ጨርቅ በእጃቸው ይዘዋል።

«የትኛው ከየትኛው ነበር?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አረንጓዴው የሙስሊሙ፣ ቀዩ የክርስቲያኑ ነበር። ሾላ በር እንደ ደሴ ሰፈር ሁሉ ድብልቅ ነው። አብረው ይቀብራሉ፣ አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠው አብረው ያለቅሳሉ፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ሁለት እርድ አለ፣ ሁለት ድስት አለ። ይህን ደሴ ላይ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ቢሆን ይህን ያደረገው፣ እንግዳ ነው ይባል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልነበረም።

«በስልሳ ዓመት አንድ ቀን ተደባልቆ አያውቅም» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ፈጪህ ቢወስዳቸውም ባይወስዳቸውም አንድ ነው። ማን ይበላባቸዋል?»

አፈርኩ። በዘጠኝ ዓመት ሥራ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እግሬ ሲቀዘቅዘኝ ነው ጫማዬን ማውለቄን ያወቅሁት።

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«ጋሼ እንድሪስን ጥራ። ዳኛው እሳቸው ናቸው።»

የቅሬው ዳኛ ጋሼ እንድሪስ ማማ ሦስት አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ድስቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየመቱ አዳመጡ፣ አሸተቱ፣ ግራና ቀኝ አገላበጧቸው። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የወይዘሮ ጥሩወርቅ። የአራዳዋ።»

«አላህ ይማራት። እናትህ እንዲህ አላሳደገችህም» አሉና ወደ ድስቶቹ ተመለሱ። «ካልታወቀ ይታጠባል። በአሸዋ፣ በአመድ፣ በሰባት ውሃ። ቄሱም ይምጡ፣ እኔም ቁርአን እቀራለሁ። ከዚያ እንደ አዲስ ይለያል። ግን አንተ ብቻህን አታጥበውም፣ ዘነቡም ብቻዋን አታጥበውም። ቅሬው ነው የሚያጥበው። ነገ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ ነው፤ ቅዳሜ ይሁን።»

«ጋሼ፣ የማማ ነዋሪ ከስምንት ሰው በላይ ሆኖ ለመሰብሰብ ማመልከቻ ያስፈልገዋል።»

ጋሼ እንድሪስ ጡሩምባውን ከምስማሩ አንስተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «አመለከትኩ» አሉ።

ለቢሮ «ዕቃው ስለበዛ ሥራው እስከ ቅዳሜ ይቀጥላል» ብዬ ላክሁ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ውሸት እንደሚናገር ሰው ደጋግሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጋሼ እንድሪስ ከአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ጀምረው ደረጃውን እየወረዱ ነፉ። የማማው ጠባቂ መሣሪያ ድምፁን አላወቀውም፤ «የውሃ ቧንቧ ብልሽት» ብሎ መዘገበው። ሰዎቹ ግን አወቁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የእትዬ ዘነቡ ግቢ ጢም አለ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የመጡት። «ማን ነው?» «ማን ሞተ?» ይላል የሚገባው ሁሉ። ማንም እንዳልሞተ፣ ድስት ሊታጠብ እንደሆነ ሲነገራቸው አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንድም የተመለሰ ግን አልነበረም። በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰዎች «አለህ እንዴ?» እየተባባሉ ሲሳሳሙ አየሁ።

አሸዋ መጣ፣ አመድ መጣ፣ ውሃ በባልዲ ተቀባበሉ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። የማማ ሰው መዳፍ ለስላሳ ነው፤ እስከ አምስት ሰዓት የብዙዎቻችን ቆዳ ተልጦ ነበር። ቄሱ ጸበል ረጩ፣ ጋሼ እንድሪስ ቁርአን ቀሩ። ከዚያ ሦስቱ ላይ አረንጓዴ፣ ሦስቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። እትዬ ዘነቡ ጨርቆቹን ለኔ ሰጡኝ። «የፈታ ይሰር» አሉ። ሁለት ጊዜ ቋጠርኳቸው።

«ይኸው፣ ንጹሕ ድስት አለን» አሉ ጋሼ እንድሪስ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆመው። «ሰኞ ይፈጫል። ዘነቡ የኔ ነው ካለች ደግሞ ኮምቦልቻ ትሄዳለች። እሷ እሄዳለሁ ብላለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ማማ ውስጥ ግድግዳ የምትጠግን ሉባባ የምትባል ሴት ነበረች፤ እጇ እስከ ክርኗ አመድ ነው። ወደ እኔ መጣች።

«አንተ አቅላዩ፣ ባለቤት ስለሌለው ዕቃ ሕጉ ምን ይላል? ሙሉውን ንገረኝ።»

ሙሉውን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ፈጪው ሳይነካው የኔ ነው ያለ ይወስደዋል» አልኳት። «ከመቶ እንዳያልፍ ብቻ።»

«ሁላችንም መቶ ሞልተናል።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

«ለመጣልስ ፈጪው ድረስ መሄድ አለብን?»

«ቃል ይበቃል። ፈጪው በኋላ ቤት መጥቶ ይወስደዋል።»

ሉባባ ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። ከዚያ በድፍን ግቢ እንዲሰማ ጮኸች፦ «ያን ኮርኳሪውን፣ እግር የሚኮረኩረውን ማሽኔን ጣልልኝ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቆጣሪው ግን ሳቅ አያውቅም፤ «ሉባባ ሙሄ፣ ዘጠና ዘጠኝ» አለኝ። ሄዳ አንድ ድስት ላይ እጇን ጫነች። ጥያቄዎቹን መጠየቅ ነበረብኝ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የነካሽው መቼ ነው?»

አመዳም እጇን አሳየችኝ።

«ያለሱ መኖር ትችያለሽ?»

«መኖርስ እችላለሁ» አለች። «መሞት ነው የማልችለው።»

ከዚያ በኋላ ሰልፉን ማቆም አልተቻለም። ጋሼ እንድሪስ ማማው የሸለማቸውን «አርአያ ቀላል ቤተሰብ» የሚል ምስክር ወረቀት ጣሉና አግዳሚ ወንበር ወሰዱ፤ ደስ ያላቸው በወንበሩ ብቻ አልነበረም። ሌላው ሁለተኛ ጫማውን ጣለ። አንዲት እናት ልጇ የላከላትን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያላበራችውን የእንቅልፍ መብራት ጣለች። ድንኳኑ አንድ ሰው ቤት አልገባ ሲል ሴቶቹ በቢላ ስፌቱን ተርትረው አሥራ ሁለት ሸራ አደረጉትና አሥራ ሁለት ሰው ተካፈለው። የማን ነው እላለሁ፤ የኔ ይላሉ። የኔ። የኔ። ሽማግሌው በቀስታ፣ ሴቱ በቁጣ፣ አንዱ እያለቀሰ። ዘጠኝ ዓመት ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚመልስልኝ። ያን ቀን ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ መለሱልኝ።

የተረፉትን ሠላሳ ስምንት ሳህንና ብርጭቆ ከነጡሩምባው እትዬ ዘነቡ ወሰዱ። ልክ መቶ ሞሉ። ጓዳው ባዶ ሆነ፤ ወጋግራው ላይ ካለው ከቃሬዛው በቀር።

አወረድነው። መሬት ሲነካ ሰዉ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አልፈርድባቸውም። ሰው በሚተኛበት ክፍል ቃሬዛ አይገባም፤ ማማ ውስጥ ደግሞ ያለው ክፍል አንድ ነው፣ ርዝመቱም ሦስት ሜትር። አንዱ ሌላውን አየ። ጋሼ እንድሪስ ጺማቸውን ያዙ።

«ምን ታፈጥጣላችሁ?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «አልጋዬን ጣልልኝና ቃሬዛውን ጻፍልኝ። እሱው ላይ እተኛለሁ።»

«ኧረ በስመአብ!»

«አዑዙ ቢላህ! ኧረ ዘነቡ!»

«ምን ይሁን ነው የምትሉኝ? ይፈጭ? ባሌን፣ ሁለት ልጆቼን የተሸከመውን ብረት ያኝከው? ጻፍ አንተ! ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ለኔ ሩቅ አይደለም።»

የምራቸውን ነበር። አልጋቸውን ልሰርዝ አፌን ከፈትኩ። ይህን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ባለፈው ዓመት ነው የሞተችው። ከሐኪም ቤት እስከ መቃብር የወሰዳት ሰው የማይነዳው ጋሪ ነበር። ጋሪው ፍጥነቱ የተወሰነ ነው፣ አይዘገይም። ሮጥኩ፤ ሸዋ በር ላይ አመለጠኝ። ስደርስ ጉድጓዱ ተደፍኖ ነበር። የአራዳዋን ጥሩወርቅን አንድ ሰው ትከሻ አልነካትም፤ የኔ እንኳ። ከዚያ ስምንት ወንበር፣ አርባ ደቂቃ። ቀለለኝ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። አልቀለለኝም። አንድ ቀን እንኳ አልቀለለኝም።

ጎንበስ ብዬ ቃሬዛውን ያዝኩ።

«የማን ነው?» አልኩ። መጠየቅ ያለበት እኔ ስለሆንኩ ራሴን ጠየቅሁ። «የኔ ነው» አልኩ።

«አቅላይ ምንተስኖት፣ ሰማንያ አንድ» አለ ቆጣሪው። «አንድ ዕቃ ያስወግዱ።»

«መነጽሩን።»

ቆጣሪው ስለ ማንኛውም ዕቃ እንደሚጠየቀው ጠየቀኝ፤ ደንቡ ለሱም ደንብ ነውና። «የማን ነው?»

«በኔ ስም ነው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የነኩት መቼ ነው?»

«አሁን፣ ላወልቀው ስል።»

«ያለሱ መኖር ይችላሉ?»

«እችላለሁ» አልኩ። ነገ ሥራ እንደሌለኝ፣ ሥራ የሌለው ሰው ስንት ዕቃ እንደሚፈቀድለት ደግሞ እንደማላውቅ አውቄ ነበር።

«ሰማንያ። ተመዝግቧል» አለ። መነጽሩን ከፊቴ፣ ቆጣሪውን ከጆሮዬ አውጥቼ በር ላይ ለቆመው ፈጪ ሰጠሁት። እንደማንኛውም ነገር አኘከው።

ባዶ ቃሬዛ ይዞ መንገድ መውጣት ገድ የለውም አሉ ጋሼ እንድሪስ። ስለዚህ ድስቶቹን ጫንንበት፤ አረንጓዴዎቹን በራስጌ፣ ቀዮቹን በግርጌ፣ በላያቸው አንድ ሸራ አለበስን። አራት ሆነን ተሸከምን፤ እኔ በቀኝ በኩል ከፊት ነበርኩ። ከኋላችን አግዳሚ ወንበር የተሸከመ፣ ሣጥን ያቀፈ፣ ሸራ የጠቀለለ ሰው መንገዱን ሞልቶ ወደ ጦሳ ይወጣል። ከስምንት በላይ መሆናችንን ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም።

ዋናው መንገድ ላይ ሰዎች ቆሙ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሱሪው ላይ የማማ ሁለት ምልክት ያለበት፣ የማላውቀው ጎልማሳ ሰውዬ ከመንገዱ ዳር መጥቶ፣ ሳይጠይቅ፣ በግራ በኩል ያሉትን ሽማግሌ ገለል አድርጎ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀው።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?»

እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። እትዬ ዘነቡ ጡሩምባውን እንደ ሕፃን አቅፈው ከኋላ ይመጣሉ፤ እሳቸው መለሱለት።

«ማንም አልሞተም ወንድምዬ። ቤት እየቀየርን ነው።»

ሰውዬው የተሸፈነውን ሸክም አየ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሕዝብ አየ፣ እኔን አየኝ። ትከሻውን ግን አላወጣም።